ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ፎርማ

ጥር 12

ለእህቴ ልጅ ለልኬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤና ከምላሴ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤ አልታዘዝ ብሏል፣ ምላሴ ደግሞ አላርፍ ብሏል፤ ሁለቱም የቆዩ ናቸውና አታስቢ። በሰው አገር በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እናትሽ ብትኖር ምርቃቱን ከኔ በተሻለ ታሳምረው ነበር፤ ነፍሷን ይማር።

ወሬ ልንገርሽ። ባለፈው ሰኞ የሱቆቹ ማኅበር ሰብሳቢ መጥቶ በሬ ላይ ወረቀት ለጠፈ። "ሥራ የማይሠራበት ክፍል ለሚሠራበት ይሰጣል" ይላል። እስከ ግንቦት መጨረሻ በበሬ ሰው ሲገባና ሲወጣ ካላዩ፣ ክፍሌን ስልክ ለሚሸጠው ጎረቤቴ ሊሰጡት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁበትን ክፍል! "ኧረ ደንበኛ አለኝ" ስለው "የታል? አንድ ቀን እንኳ አይተን አናውቅም" አለኝ። አልዋሸም። ደንበኞቼን አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። አንድ እግሩ ያጠረ ሰው በፊት ለፊት በር አይመጣም። በጓሮ ይገባል፣ ከመጋረጃው ኋላ ይለካል፣ ከውስጥ ቡሽ አነባብሬ የሠራሁለትን ጫማ አድርጎ በጓሮ ይወጣል። ሰው ሲያየው ጫማ ብቻ ነው የሚያየው። ሙያዬ እሱ ነው፤ አሁን ሊያስባርረኝ የደረሰውም እሱው ነው።

ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ "ጋሼ፣ ፔጅ ያስፈልግዎታል፤ ዛሬ ስልክ ላይ ያልታየ ሱቅ እንደተዘጋ ነው የሚቆጠረው" አለችኝ። እሷ ሴቱን ሁሉ በዚያ ስልኳ ከሌላ ሰፈር ትጎትተዋለች። ይህን ነገር አንቺ ታውቂበታለሽ አሉ። እስቲ እርጂኝ። ቪዲዮውን እሷ ትልክልሻለች። ደብዳቤያችን ግን በፖስታ ይሁን፤ ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ወሬ ግን አይቋጠርላትም።

ልኬ፣ እየቀለድኩ ነው የምጽፍልሽ እንጂ ጭንቅ ላይ ነኝ። ክፍሉ ከሄደ እጄን ይዤ የት ልሂድ?

ጫማሽስ? ከሠራሁልሽ አሥራ አንድ ወር ሆነው። የግራው ሶል በተረከዙ በኩል መሳሳት ሲጀምር ጻፊልኝ፣ እንዳትዘገዪ።

ደህና ዜናሽን በር በሩን እያየሁ የምጠብቅ፣
አጎትሽ


የካቲት 3

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ወገብዎን ይማርልኝ፤ ምላስዎንስ እንዳለ ያቆይልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ስለሆነ ሙቀቱ ያስቸግራል እንጂ ሥራው ጥሩ ነው፤ አንሶላ ማጠፍ ነው፣ ቆመን ነው የምንውለው።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው አለቀስኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ እኮ ነው መቁጠር የተማርኩት፤ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት ተኩል፣ ሁለት ጣት እያልኩ። ስልክ ሻጭ አይገባበትም! ዕለቱን ፔጅ ከፈትኩ። ስሙን "እኩል ጫማ" አልኩት። እንዴት ነው፣ ወደዱት?

አሁን የምልዎትን ይስሙኝ። ሰው ስልኩን በጣቱ እየገፋ ነው የሚያልፈው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴኮንዶች ካልያዝነው ሄደ። ስለዚህ ሰላምታ አያብዙ። ብርሃን ባለበት ይቀመጡ። ቡሹን ሲቆርጡ፣ ቆዳውን ሲወጥሩ፣ በወስፌ ሲበሱ፣ እጅዎ ከቅርብ ይታይ። የሰው ፊት አያስፈልግም፤ የደንበኞችዎን ነገር አውቃለሁ።

ስለ ጫማዬ አያስቡ። መጀመሪያ የእርስዎ ነገር ይስተካከል።

ከእግርዎ ሥር ያደገች፣
ልኬ


የካቲት 24

ለልኬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ያ ምድር ቤት ይቀዝቅዝልሽ።

ቪዲዮ ተነሳሁልሽ። ፀጉር ሠሪዋ መጀመሪያ ፀጉሬን ካላበጠርኩ ብላ ታገለችኝ፤ ያለችውን ሦስት ዘለላ አበጥራ ጨረሰች። ከዚያ "ጋሼ፣ ፈገግ ይበሉ" ትለኛለች። ወስፌ በጥርሴ ነክሼ እንዴት አድርጌ ነው የምስቀው?

አርባ ሦስት ሰው አየው አለችኝ። ስድስቱ እሷው ናት፣ እየደጋገመች ከፍታው። አንዱ ስልክ ሻጩ ነው፤ አላፈረም እኮ፣ ላይክ አድርጓል። አንድ ሰው ደግሞ "አባት፣ ዕድሜ ይስጥዎ" ብሎ ጽፏል። አሜን አልኩ፤ ጫማ ግን አላዘዘም። በሁለተኛው ሃምሳ አንድ። በሦስተኛው ሠላሳ ስምንት። ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ ይሄ ነገር?

ሰብሳቢው ትናንት ደጄ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ብዙ ቆመ። ሰው የሚገባ እንዲመስል ባዶ ካርቶን ይዤ ስገባ ስወጣ አየኝ። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ የራሴ ደንበኛ ሆንኩ።

ስለ ጫማሽ ጠይቄሽ ነበር፤ "አያስቡ" አልሽ። ይሄ መልስ ነው? ባዶ እግርሽን ቁመሽ፣ ሁለቱ የዳሌሽ አጥንቶች እኩል እስኪሆኑ ከግራ እግርሽ ሥር ወረቀት አነባብሪና የወረቀቱን ቁመት በክር ለክተሽ ላኪልኝ። በስድስት ዓመትሽ በደብተር እንደለካሁሽ ማለት ነው።

ነገሩ የከበደው፣
አጎትሽ


መጋቢት 14

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጉልበትዎን ያበርታው።

ተስፋ አይቁረጡ። ችግሩ ገብቶኛል። ቪዲዮዎቹን አጠገቤ ለሚሠሩት ሴቶች አሳየኋቸው፤ እጅዎን ወደዱት፣ ግን አንደኛዋ "ከኋላው የተሰቀለው እንጨት ምንድነው?" አለችኝ። ያኔ በራልኝ። ግድግዳው! ሙሉ ግድግዳ የደንበኛ ፎርማ፣ እያንዳንዱ በአንድ ሰው እግር ልክ የተጠረበ፣ በዓለም ላይ የት አለ? ግን ጽሑፉ ያለበትን ገጽ ወደ ግድግዳ አዙረው ስለሚሰቅሏቸው የማገዶ ቁልል ነው የሚመስሉት። ሰው የሚያነበው ነገር ይፈልጋል።

ጋሼ፣ ያዙሯቸው። የተጻፈው ጣት ነው፤ "ግራ፣ ሁለት ጣት"፣ "ቀኝ፣ አንድ ጣት"። ስም የለበት፣ የቱ የማን እንደሆነ ሰው በምን ያውቃል? ስልኩ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ይሂድ፣ እርስዎ መጨረሻ ላይ አንዱን አንሥተው ይዩት፣ በቃ። በዚህ ካልሆነ በምንም አይሆንም። ግንቦት እየመጣ ነው፣ እባክዎ።

ክሩን እልካለሁ፤ ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ልኬ


ሚያዝያ 5

ለልኬ፣

ደህና ነሽ ወይ?

ትናንት ማታ አዞርኳቸው። እንደጻፍሽልኝ ሰሞን እምቢ ብዬ ነበር። ያ ጽሑፍ ሠላሳ አራት ዓመት ወደ ግድግዳ ዞሮ የኖረው ግድግዳው እንዲያነበው አይደለም። ደግሞ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጣት ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ የመርሳት ነገር ስለመጣብኝ የሰዉን ሥራም እጨምርበታለሁ። "ስም የለበትም" ያልሽው እውነት ነው፣ ስም አልጽፍም። ምን ቸገረው ብዬ ራሴን አሞኘሁት።

ትናንት ሰብሳቢው ስልክ ሻጩን ይዞ ገባ። ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ሜትር ዘርግተው ግድግዳዬን ለኩ፤ ለመደርደሪያ ነው። ሜትሩን በኔ ራስ ላይ ነው ያሳለፉት፣ ጎንበስ አልኩላቸው። እነሱ ሲወጡ መሰላሉን አቆምኩ። ዛሬ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ቀርጻ ልካልሻለች።

ሥራ እንጂ ሌላ አይሁንብን።

አጎትሽ


ሚያዝያ 9

ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ። ሁለት መቶ አሥር ሺህ ሰው! በሦስት ቀን! ደብዳቤው ሲደርስዎ ስንት እንደሚሆን እንጃ። ኮሜንቱን አንብቤ አልጨርሰው አልኩ። "ይሄ ሰው ሐኪም ነው"፣ "የት ነው ያለው?"፣ "ነገ እሄዳለሁ"። ሼር፣ ሼር፣ ሼር። ሥራ ላይ በየደቂቃው ስልኬን ሳይ ተቆጣጣሪዋ ሁለት ጊዜ ገሠጸችኝ፤ ብትገሥጸኝ!

አሁን ሰብሳቢው መጥቶ ደጅዎ ላይ ይቁም! እርስዎ ወንበር ይስጡት።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ "ሁሉም ዞሮ ከላይ በቀኝ በኩል ያለው አንድ ፎርማ ለምን አልዞረም?" ይላሉ። ምሥጢር ነው ብለው ራሱን የቻለ ወሬ አድርገውታል። እኔም ገረመኝ። ረስተውት ነው?

በደስታ የሰከረች፣
ልኬ


ሚያዝያ 13

ልኬ፣

አውርጂው።

ፀጉር ሠሪዋ የዛሬ አራት ቀን "ጋሼ አውርጂው ይላል" ብላ ጻፈችልሽ። ደወለችልሽ፣ አላነሳሽም። በማግሥቱም ደወለች። ዛሬም አለ። እንዴት ነው ነገሩ?

"የ12 ቁጥር ሾፌር፣ ቀኝ፣ አንድ ጣት ተኩል።" እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ በገዛ እጄ። በዚህ ከተማ ስንት 12 ቁጥር አውቶቡስ አለ? ያን ዕለት የሥራ ባልደረባው አይቶ ከሥሩ "እንዴ፣ ይሄማ የኛው ነው" ብሎ ጻፈበት። ለቀልድ ነው አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ሳይገጭ የነዳ ሰው ነው። ቢሮ ጠሩት፣ ጫማህን አውልቅ አሉት፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ በካልሲ አስኬዱት። ከመሪው አነሱት።

ወደኔ መጣ። በጓሮ አይደለም፣ በፊት ለፊት በር፣ ቪዲዮውን አይቶ የተሰበሰበው ያ ሁሉ ስልክ የያዘ ሰው ቆሞ እያየው። "ፎርማዬን" አለኝ። አወረድኩለት። ጽሑፉን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፤ በሚስማር የተጫረ ነው፣ አይጠፋም። "እርስዎን እኮ ነው ያመንኩት" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ይሄስ ከአፍም አልወጣ፣ ከግድግዳ ነው የወጣው። ልኬ፣ በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ አውርጂው።

አጎትሽ


ግንቦት 4

ለጋሼ፣

ሰላም ይሁንልዎ ለማለት አፍ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። በመጀመሪያው ኔትወርክ አልነበረም አልኩ። በሁለተኛው ፀጉር ሠሪዋ በደንብ አላስረዳችኝም አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እውነቱ ይሄ ነው፦ መልእክቷን ያን ዕለት፣ ያንን የደስታ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ጥዬ ስወጣ፣ መንገድ ላይ አይቼዋለሁ። ስልኩ ሲጠራም በእጄ ነበር። ጋሼ ሕዝብ ሲያይ ደንግጦ ነው አልኩ። በሰዓት ስምንት ሺህ፣ ዘጠኝ ሺህ ይጨምር ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ነገ አወርደዋለሁ አልኩ። ነገም እንደዚያው። አራት ቀን። ሾፌሩ በካልሲ ሲሄድ እኔ ቁጥር እያየሁ ነበር።

ሚያዝያ 13 ፀጉር ሠሪዋ የሾፌሩን ነገር ስትጽፍልኝ አወረድኩት። ግን ምን ዋጋ አለው? ሌሎች ቀድተው በየራሳቸው ፔጅ ለቀውታል፤ አንዱ ሙዚቃ ጨምሮበታል። ለእያንዳንዱ እየጻፍኩ ለመንኩ። ሁለቱ አወረዱ። አንዱ ሳቀብኝ። የቀሩት አልመለሱልኝም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ በእጄ መሬት መሬቱን እየጠረግሁ ነው።

ሙቺ ካሉኝ እሞታለሁ። ዝም አይበሉኝ እንጂ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ልኬ


ሰኔ 26

ለልኬ፣

ዝም ያልኩት ልቀጣሽ ብዬ አይደለም። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ብዕርም ቢላዋም እምቢ ብሎኝ ነው የከረመው።

የሆነውን ልንገርሽ። ከሾፌሩ በኋላ ሁሉም መጡ፣ በየተራ። መምህርቷ መጣች፤ ተማሪዎቿ ሰሌዳ ላይ እግር ሥለው ጠበቋት። ፎርማዋን በጋዜጣ ጠቅልላ እንደ ሬሳ ታቅፋ ሄደች። ዳኛው ራሱ አልመጣም፣ ሰው ላከ። በአሥራ ስምንት ቀን ግድግዳው ባዶ ሆነ፤ የቀረው ሚስማር ነው። የምትገርም ነገር ልንገርሽ? ያን ሰሞን ደጄ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ስልኩን ዘርግቶ የሚገባ፣ ከኔ ጋር ፎቶ ካልተነሳሁ የሚል። ሰብሳቢው እጄን ጨብጦ "ጎበዝ! አሁን ሱቅ ሆነ" አለኝ። አንድ ጥንድ ጫማ ግን ያዘዘኝ የለም። እግራቸው እኩል ነው፣ ምን ያደርግላቸዋል? በሦስተኛው ሳምንት ወሬው ሲበርድ እነሱም ጠፉ። በፊት ለፊትም ሰው የለ፣ በጓሮም ሰው የለ።

ግንቦት 30 ቁልፉን አስረከብኩ። ስልክ ሻጩ ጨዋ ነው፣ "ሚስማሮቹን ልተዋቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። ተዋቸው አልኩት። አሁን የስልክ ልባስ ሰቅሎባቸዋል። በዚያ አላልፍም፣ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።

የደስታ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሾፌሩ በኋላ ነው። እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር፤ ትናንት አነበብኩት። ያልዞረው አንዱ ፎርማ ለምን አልዞረም ብለሻል።

አልረሳሁትም። ያንቺ ነው።

መሰላሉ ላይ ቆሜ ሁሉንም አንድ በአንድ አዞርኩ፤ ያንቺ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የልጄን እግር ለማያውቁት አላሳይም አልኩ። ይህን ያልኩት የሌላውን ሰው ሁሉ ልጅ አዙሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አየሽ፣ ሳላውቅ አይደለም ያጠፋሁት። አውቅ ነበር። አንቺ አራት ቀን አወቅሽ፤ እኔ ገና ከመሰላሉ ሳልወርድ አውቅ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻሽ አትሸከሚ፣ ለኔም አትርፊልኝ።

ፎርማሽ አልጋዬ ራስጌ ነው። የመጣ ወሳጅ የለውም።

ክሩን አልላክሽም። ምን ሆነሻል?

አጎትሽ


ሐምሌ 18

ለጋሼዬ፣

እንኳን ብዕር አነሡልኝ። እጅዎን ይፍታልኝ።

ደብዳቤዎን ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ከአንሶላው ክምር ኋላ ተደብቄ አነበብኩት። "ያንቺ ነው" የሚለው ላይ ስደርስ ቁጭ አልኩ። ተቆጣጣሪዋ መጥታ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "እግሬን" አልኳት። ይሄን ቃል ለሰው ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ልንገርዎ። ጫማዬ ያለቀው ኅዳር ላይ ነው፣ "ጫማሽስ?" ብለው ሳይጠይቁኝ በፊት። ተረከዙ ጭራሽ ተበልቶ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ የሱቅ ጫማ ውስጥ የሆቴሉን ፎጣ አጥፌ እየከተትኩ ነው የምቆመው። ዳሌዬ ያቃጥለኛል፤ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ነው። ለምን አልነገርኩዎትም? ክፍሉን ሊነጥቁዎት ነው ሲሉኝ የኔን ጫማ ማንሣት አሳፈረኝ። ቆይቶ ደግሞ እዚህ ያለ ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ክሩን ለመለካት እንኳ ፈራሁ፤ የምተኛበት ክፍል ውስጥ አራት ነን። የሰውን ሁሉ እግር ለሁለት መቶ ሺህ ሕዝብ ያሳየሁት እኔ፣ የራሴን ለሦስት ሴቶች ማሳየት ፈራሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።

አንድ ነገር አደረግሁ። ፔጁ ላይ ቪዲዮ ለቀቅሁ። ፊቴ ይታያል። ባዶ እግሬን ሄድኩ፣ ከመዝጊያው እስከ መስኮቱ፣ እንዴት እንደማነክስ ይታያል። ያልዞረው ፎርማ የኔ ነው አልኩ። ግድግዳውን ያስዞረችው እኔ ነኝ፣ አውርጂ ስባል አራት ቀን የተውኩት እኔ ነኝ፣ ጫማ ሠሪው ሠላሳ አራት ዓመት የማንንም ገመና አሳይቶ አያውቅም አልኩ። ሾፌሩን ይቅርታ ጠየቅሁት።

በአንድ ሳምንት ስልሳ አንድ ሰው አየው።

ስልሳ አንድ፣ ጋሼ። ሌላው አልፎት ሄደ። ከዚያ ፔጁን ዘጋሁት።

ክሩ ይኸውልዎ፣ ወረቀቱ ውስጥ ተጣብቋል። የሆቴሉን የማስታወሻ ወረቀት አነባብሬ ነው የለካሁት፤ ሦስቱም ሴቶች እያዩኝ፣ አንዷ ወገቤን ይዛልኝ። ሁለቱንም እግሬን በእርሳስ ዙሪያውን ሥዬዋለሁ። መሥሪያ ቦታ ከሌለዎት ግን ይቅር፣ አያስጨንቁ።

አንድ ልመና አለኝ። ፎርማዬን ያዙሩት። ሰው በሚያየው በኩል ይሰቀል። ይገባኛል።

ልኬዎ


ነሐሴ 28

ለልጄ ለልኬ፣

በእግርሽ የምትቆሚበትን መሬት ሁሉ ያለስልስልሽ።

ክርሽ ደረሰኝ። ሁለት ጣት ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ አሁን ሁለት ጣት ከሩብ ሆኗል። ሩቧ በፎጣ ላይ የቆምሽባት ናት። ክሩን ይዤ አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ከዚያ ተነሣሁ። አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ ጠረጴዛዬን ቤቴ ውስጥ መስኮቱ ሥር አቁሜያለሁ። ጠባብ ነው፤ ወስፌ ባነሣሁ ቁጥር ክርኔ አልጋውን ይመታል። ፎርማሽ ላይ ሩብ ጣት ጨመርኩ። ከሚያዝያ ወዲህ የነካሁት የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ቢላዋው መጀመሪያ ቀን ሁለቴ ሳተኝ፣ በሦስተኛው ታዘዘ።

አዙሩት ላልሽኝ፣ አላዞርኩትም። አንቺ የራስሽን አሳየሽ፣ እግሩ ያንቺ ነው፣ ድፍረቱም ያንቺ ነው። እኔ ግን ከእንግዲህ የማንንም አላዞርም፣ ባለቤቱ ቢለምነኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ። ብቻውን ነው።

ጫማውን ሳገባድድ አንድ ቀን የቤቴ የጓሮ በር ተንኳኳ። ሾፌሩ ነው። ሰላም አላለኝም። በርጩማው ላይ ተቀመጠና የቀኝ ጫማውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሶሉ አልቋል፤ ሥራ ፍለጋ በየቢሮው ሲዞር ነው የከረመው። "ሌላ የሚሠራልኝ የለም" አለ። ከዚያ ወረቀትሽንና ክሩን አየ።

"የማን ነው?"

"የእህቴ ልጅ።"

"ያቺ?"

"ያቺ።"

ፀጉር ሠሪዋ ቪዲዮሽን አሳይታው ኖሯል፤ ከስልሳ አንዱ አንዱ እሱ ነው። ክሩን አንሥቶ በጣቱ ለካው። "ከኔ ይብሳል" አለ። ክሩን መልሶ ወረቀቱ ላይ አኖረው። ይቅር አላለኝም፤ ላንቺም ይቅርታ አልላከም፣ አልዋሽሽም። ወደ መሪውም አልመለሱትም። ሶሉን እስክቀይርለት ተቀምጦ ጠበቀ።

ሲነሣ ጫማሽን ጠቅልዬ ፖስታ ቤት ልወስድ ወገቤን ይዤ ስነሣ አየኝ። "ያምጡት" ብሎ ተቀበለኝ። ወደ ፖስታ ቤት የሚሄደው 12 ቁጥር ነው። የመሳፈሪያ ላውጣልህ ስለው "በእሱስ አልሄድም" አለ።

በእግሩ ወሰደልሽ።

አጎትሽ